የጓሮ ሐረግ እንዴት ይታወቃል? እንዴትስ ይነቀላል?

(ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በተደረገው የሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር የወር ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳ ተለጥፏል።)




የዛሬው ስብሰባችን የገንዘብ ያዡን ሪፖርት ሰምቶ፣ ያልከፈለውን ጠርቶ ሊበተን ነበር። እኔ ግን ሰብሳቢያችንን ግማሽ ሰዓት ለምኜ ቆሜአለሁ። የቆምኩበት ነገር ሐረግ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ለሐረግ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል» ብላችሁ ስትስቁ አያለሁ። አይዟችሁ ሳቁ፤ እኔም አምና ስቄ ነበር። ሳቄ ምን እንዳመጣ አሁን ትሰማላችሁ።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ የእርሻ ባለሙያ አይደለሁም። የምነግራችሁ ግማሹን በእጄ ነቅዬ ያየሁትን ነው። ግማሹን ደግሞ ግብርና የተማረች የአንድ አባላችን ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ከጓሮ ጓሮ አብራኝ እየዞረች ያስረዳችኝን ነው። እግዚአብሔር ይስጣት።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ሁላችሁም እንደምታውቁት ከወፍጮ ቤቱ በታች ያሉት እናታችን፣ ባለቤታቸው በ2013 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ጓሮአቸውን የሚያይላቸው ሰው አላገኙም። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ የእርሳቸውም ጉልበት ደክሟል። ያ ጓሮ ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ጎመን፣ ጌሾ፣ ጤና አዳምና ዳማ ከሴ ነበረበት፤ ከዳር ደግሞ ሟቹ በእጃቸው የተከሏቸው ሁለት የኮክ ዛፎች ነበሩ። ከመካከላችን ለጠላው ጌሾ፣ ለምቹ ዳማ ከሴ ከዚያ ጓሮ ያልወሰደ ማን አለ? አንድ ቀን «ሒሳቡ ስንት ነው» የተባለም የለም።

ዛሬ ከበሩ ቆማችሁ ብትመለከቱ የምታዩት አረንጓዴ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ኮኩ የት ጋ እንዳለ አይለይም። አጥሩ ዘሟል። ሐረጉ ወደ ጎረቤት ተሻግሮ፣ በግድግዳው ላይ ወጥቶ፣ በጣራው ቆርቆሮ ሥር ገብቶ ምስማሩን ፈንቅሎታል። ጎረቤትየው ወንድማችን ቢቸግራቸው በገጀራ እየቆረጡ ቁራጩን ወደ መጣበት አጥር ወረወሩት። እናታችንም «ቆሻሻ ተጣለብኝ» ብለው አዘኑ። ነገሩ ወደ ማኅበሩ መጣ።

ያን ጊዜ ነው እኔ የሳቅሁት። «ይህማ ምን ቁም ነገር አለው» ብዬ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ሁለት የቀን ሠራተኛ አስቀጠርኩ። ግማሽ ቀን በገጀራ ጨፈጨፉት። ጓሮው ጸድቶ ሲታይ ሁላችሁም አመሰገናችሁኝ። የተቆረጠውንስ የት እናድርገው ሲሉኝ «ቦዩ ውስጥ ጣሉት፤ ክረምቱ ይወስደዋል» አልኳቸው።

ክረምቱ ግን አልወሰደውም። ሐምሌ ሳያልቅ ጓሮው እንደገና አረንጓዴ ለበሰ፤ ከዱሮውም ባሰ። በነሐሴ ያ ሁሉ ቁራጭ ሐረግ ቱቦው አፍ ላይ ተጠቅልሎ ውኃውን መለሰው። ውኃው የት እንደ ገባ ታውቃላችሁ። የአንዲት አባላችን ቤት ገባ፤ የጤፍ ጆንያቸው ራሰ፤ የልጆቹ ደብተር ተበላሸ። ከዚያ በኋላ እናታችን «ጎረቤቴ ነው ቦይ ውስጥ የጣለው» አሉ። ጎረቤትየው «የእርሳቸው ሐረግ ነው ሰፈሩን ያጠፋው» አሉ። በዘንድሮው ፋሲካ እንኳ «እንኳን አደረሰዎ» አልተባባሉም። ሃያ ዓመት ቡና አብረው የጠጡ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ እውነቱን ዛሬ በሁላችሁ ፊት እናገራለሁ። ሐረጉን ቦይ ውስጥ ያስጣልኩት እኔ ነኝ። እናታችንም አልጣሉም፤ ወንድማችንም አልጣሉም። ይህን ከወራት በፊት መናገር ነበረብኝ፤ አፍሬ ዝም አልኩ። ውኃ የገባባቸውን አባላችንን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ለጤፉ የሚገባውንም ከራሴ እከፍላለሁ እንጂ የማኅበሩ ገንዘብ አይነካም። ሁለታችሁንም ጎረቤታሞች ደግሞ አሁን እዚሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሐረግ ሁሉ ጠላት አይደለም

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ሰው መቆፈሪያ ይዞ ከመነሣቱ በፊት የሚነቅለውን ማወቅ አለበት። ሐረግ የተባለ ሁሉ ይጥፋ ካልን ዱባውም ቅሉም መሄዱ ነው። በአጥራችን ላይ ካሉት ውስጥ የአገራችን የሆኑ፣ ሊነቀሉ የማይገባቸው ሦስት አሉ።

አንደኛው እንዶድ ነው። እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። በዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልመዋል። ይህን ተክል ከአጥር ነቅሎ መጣል ነውር ነው። ሲበዛ ይከረከማል። ፍሬው ግን የሚበላ አይደለምና ልጆች አፋቸው እንዳያደርጉት ተጠንቀቁ።

ሁለተኛው የአዞ ሐረግ ነው። አበባው ነጭ ነው፤ ዘሩ ሲደርስ ላባ ለብሶ በነፋስ ይበናል። እርጥብ ቅጠሉ ቆዳ ያቃጥላል፤ በባዶ እጅ አትሹት።

ሦስተኛው ሐረግ ሬሳ ነው። ቀጭን ነው፤ ቅጠሉ ሲዳስሱት ይሻክራል፤ ፍሬው ትንሽ ክብ ሆኖ ሲበስል ይቀላል። ለምች የሚታጠኑበት እርሱ ነው።

እነዚህ ከእኛ ጋር የኖሩ ናቸው። የሚበላቸው ነፍሳት፣ የሚለቅማቸው ወፍ፣ የሚያውቃቸው ባለመድኃኒት አለ። ክፉዎቹ ከሩቅ አገር የመጡት ናቸው። በአገራቸው የሚበላቸው ነበር፤ እዚህ ከልካይ የላቸውም። ጣና ሐይቅ ላይ ያለውን እምቦጭ አስቡ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ በብዙ አገር የገባው አበባው አምሮ ለጌጥ ተብሎ ነው። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታወቀ ወዲህ ስንት ሺሕ ገበሬ ውኃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅለው አይተናል። በአፋርና በስምጥ ሸለቆም ከማዳጋስካር የመጣ የጎማ ሐረግ የሚሉት አለ፤ ግራሩን እየወጣ ያለብሰዋል፤ ከብት ቢበላው መርዝ ነው። የኛ የጓሮ ጉዳይ ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ናት። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ «ቆንጆ ነው» ተብሎ ይገባል፤ ከዚያ አይወጣም።

የኛ ሰፈር ሦስት ክፉ ሐረጎች

የመጀመሪያው ሰማያዊ አበባው ነው። አበባው እንደ ጡሩንባ አፍ የሰፋ ነው። ጠዋት ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ይፈካል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጥና ይጠወልጋል። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ አንዳንዱ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው። የስኳር ድንች ዘመድ ነው። ከዘሩ ይልቅ በግንዱ ነው የሚራባው። መሬት የነካው ግንድ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ሐረግ በገጀራ ዐሥር ቦታ ስትቆርጡ ዐሥር ችግኝ ተከላችሁ ማለት ነው። እኔ አምና ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ በማኅበሩ ገንዘብ ሐረግ አስተከልኩ።

ሁለተኛው ልጆቻችን «ድንቾ» የሚሉት ነው። በሳይንስ ስሙ አንሬዴራ ኮርዲፎሊያ እንደሚባል ያች ልጅ ጽፋ ሰጥታኛለች። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ቅጠሉ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ውኃ የሞላው ነው። አበባው ነጣ ያለና ጥቃቅን ሲሆን እንደ ጭራ ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ሽታውም ደስ ይላል። ምልክቱ ግን ግንዱ ላይ ነው። በየአንጓው እንደ ኪንታሮት ያበጠ ትንንሽ ድንች ይይዛል። ያ ድንች ወርዶ አፈር ሲነካ ይበቅላል። ከመሬት በታችም ሌላ ድንች አለው። ከሦስቱ ሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው።

ሦስተኛው ቢጫ ክሩ ነው። ቅጠል የለውም። መሬት ውስጥም ሥር የለውም። ከአፈር በቅሎ አጥር ላይ ከተጠመጠመ በኋላ ከመሬት ይለያይና የተጠመጠመበትን ተክል እየመጠጠ ይኖራል። ከሩቅ ሲያዩት አጥሩ ላይ የተበተነ ክር ይመስላል። የገጠር ልጆች የሆናችሁ በኑግ ማሳ ውስጥ ታውቁታላችሁ። ዘሩ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያልና አበባ ሳያወጣ መድረስ ያስፈልጋል።

አነቃቀሉ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባል የለ? የሐረግም ነገር እንዲሁ ነው። ሥራውን በተራ በተራ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ልብስና ዕቃ። ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ጓንት አድርጉ። እባብም ባይሆን ጊንጥና የተሰበረ ጠርሙስ አይጠፋም። አጥሩ ላይ ቅንጭብ ካለ ወተቱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ዓይን ይጎዳል። ሐረጉ ተደግፎበት የቆመ የዘመመ አጥር ወይም የጭቃ ግድግዳ ካለ አስቀድማችሁ በባላ ደግፉት። ብዙ ጊዜ አጥሩን የያዘው ሐረጉ ራሱ ስለ ሆነ ሐረጉ ሲሄድ አጥሩ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሰማያዊ አበባውን ከዛፍ ላይ ጎትታችሁ አታውርዱ። ዛፉን ይሰብራል፤ ከጣራ ላይ ከሆነም ቆርቆሮውን ይነቅላል። ሁለት ቦታ ቁረጡት፤ አንድ ጊዜ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ አንድ ጊዜ ደረት ላይ። መካከሉን አውጡ። የላይኛው ከመሬት ስለ ተለየ እዚያው ይደርቃል፤ ከወር በኋላ በቀላሉ ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ ድንቾን ግን እንዲህ አታድርጉት። ቆርጣችሁ ብትተዉት ላዩ ላይ ያሉት ድንቾች በቶሎ አይሞቱም፤ ቆይተው አንድ በአንድ እየረገፉ ይበቅላሉ። ስለዚህ ከሥሩ አስቀድማችሁ ሸራ ወይም የተተረተረ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፉ። ከዚያ ሳትወዘውዙት ከላይ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ሲያበቃ የረገፈውን እንደ ባቄላ ልቀሙ። ለዚህ ሥራ ልጆች ከትልቅ ሰው ይበልጣሉ፤ ዓይናቸው ስለታም ነው።

አራተኛ፣ ወደ መሬት ውረዱ። መሬት ለመሬት የሚሄደውን ግንድ ሁለት ሰው ከአንድ ጫፍ ይዞ፣ ሦስተኛው በዶማ ከሥሩ እየፈነቀለ፣ እንደ ሰሌን መጠቅለል ነው። ዋናው ሥር ያለበትን በመቆፈሪያ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ሙሉውን አውጡት። ድንቾ ከሆነ የመጨረሻው ድንች እስኪወጣ አፈሩን በእጅ ፈትሹ። አሁን በልጉ ዘንቦ መሬቱ ለስልሷል፤ ዋናው ክረምት ደግሞ ገና አልገባም። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በበጋ ቢሆን መሬቱ ድንጋይ ነው፤ በክረምት ደግሞ የተረፈው ቁራጭ ሁሉ ይጸድቃል።

አምስተኛ፣ ቢጫ ክሩን ከነተጠመጠመበት ቅርንጫፍ ቁረጡት። ክሩን ብቻ እያላቀቃችሁ ብትጥሉ የምትቀር አንዲት ቁራጭ እንደገና ትይዛለች። ለአጥሩ አትሳሱ፤ አጥር ተመልሶ ይበቅላል።

ስድስተኛ፣ የኔ ጥፋት ያለበት ቦታ ነው፤ በደንብ ስሙኝ። የተነቀለውን ቦይ ውስጥ አትጣሉ። ወንዝ ዳር አትጣሉ። ከፍግ ጋር አትቀላቅሉ፤ በፍጉ በኩል ተመልሶ ወደ ጎመኑ ይመጣል። በጎረቤት አጥር ላይማ ፈጽሞ! ግንዱን ሲሚንቶ ወይም ቆርቆሮ ላይ አስጥታችሁ ክው እስኪል አድርቁት። ድንቾቹንና ሥሩን በጥቁር ፕላስቲክ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት፤ ሟሙቶ እስኪበሰብስ ድረስ አትፍቱት።

መድኃኒት ይረጭበት የሚል አለ። ጓሮው ጎመን የሚበቅልበትና ልጅ የሚውልበት ነው፤ ጎረቤትም የሚጠጣውን ውኃ በበርሜል ያስቀምጣል። በእጅ የሚቻለውን በእጅ እንሥራው እላለሁ።

አንድ ቀን አይበቃም

አምና የተሳሳትኩት ሌላው ነገር ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል ማለቴ ነው። ሐረጉ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ነገር ግን ሥሩ ስንቅ አለው፤ ያ ስንቅ የሚሞላው በቅጠሉ ነው። ቅጠል ባወጣ ቁጥር ሳይጠነክር ከነቀላችሁት ስንቁ ያልቅበታል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ሰዓት መዞር ያስፈልጋል። በሁለተኛው ዓመት በየወሩ ይበቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጣት የምታህል ቡቃያ በሁለት ጣት ትወጣለች፤ ሦስት ወር ብትተዋት ዶማ ታስይዛችኋለች።

ባዶ መሬትም አትተዉ። ባዶ መሬት የሐረግ ግብዣ ነው። የነቀላችሁበትን በወፍራም ካርቶን ሸፍናችሁ ላዩ ላይ ደረቅ ሣር ጨምሩበት፤ ወይም ወዲያው ጎመን፣ ቆስጣ፣ ድንች ትከሉበት። ያ መሬት የሚጠብቀው ሰው እንዲያገኝ ያደርጋል፤ ሰው ጎመን ሊቆርጥ ሲገባ ቡቃያውን ያያልና።

ማኅበሩን የምጠይቀው

አሁን ልጨርስ ነው። እሑድ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቅዳሴ መልስ በሦስት ሰዓት ከእናታችን ጓሮ እንድንገናኝ እጠይቃለሁ። በደንባችን እንደምታውቁት ለቀብር ያልመጣ ይቀጣል። በዚህ ግን ቅጣት የለም፤ ስም አልጠራም። የመጣ ይምጣ። ዶማና መቆፈሪያ ያለው ያምጣ። ሸራውን የማኅበሩን ድንኳን ጠባቂ ጠይቄ አንዱን አሮጌ እንዲሰጠን ተስማምተናል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ የሚዞሩ ሁለት ሁለት ሰዎች በተራ እንመድባለን። የመጀመሪያው ተራ የኔ ነው።

ቦዩን ደግሞ ከዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እናየዋለን። አምና ያስጣልኩት ሐረግ በቦዩ ዳርና ዳር ጸድቆ ቆሟል፤ ትናንት ሄጄ አይቼዋለሁ። ሰኔ 30 ሳይደርስ ካላወጣነው ዘንድሮም ውኃው የአንዱን ቤት በር ማንኳኳቱ አይቀርም፤ የማንን በር እንደሆነ አላውቅም።

እናታችን ትናንት ማታ ቤታቸው ሄጄ ይህን ሳማክራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ኮኩን አትቁረጡብኝ» አሉ። «በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ግን እሳቸው የተከሉት ነው» አሉኝ። እኔም ቃል ገባሁ። ከዚያ ወጥቼ ወደ ጎረቤትየው ወንድማችን ቤት ሄድኩና ይህንኑ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «መጋዝ አለኝ፤ የኮኩን ሐረግ እኔ እፈታዋለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው» አሉ። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

እሑድ በሦስት ሰዓት። ቡናው ከእናታችን ቤት ነው፤ ቆሎው ከኔ።



የማኅበሩ ጸሐፊ